ድሬዳዋ፤ ባሕር የሌላት የባሕር ሰዎች መናፈሻ

ከአንድ የመጋላ ልጅ፥ የ11ኛ ክፍል ተማሪ

የጂኦግራፊ መምህራችን በዓመቱ መጀመሪያ ላይ «ከባሕር ዳር መዝናኛ ከተሞች አንዱን መርጣችሁ፥ ታሪኩንና በውስጡ የሚጎበኘውን ነገር ጽፋችሁ አምጡ» ብለው አዘዙን። ከጓደኞቼ አንዱ ሞምባሳን፥ አንዱ እስክንድርያን፥ ሌላው ምፅዋን ያዘ። እኔ ግን ባሕር የሚባለውን ነገር በዓይኔ አይቼው ስለማላውቅ፥ ያላየሁትን እንዳየሁ አድርጌ ከምጽፍ ይሻላል ብዬ ድሬዳዋን ጻፍሁ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መምህራችንም «የድሬዳዋ ባሕር ወዴት ነው?» ብለው ቢጠይቁኝ «ባሕሩስ የለም፤ የባሕሩ ሰዎች ግን በየዓመቱ ይመጣሉ» ብዬ መለስሁ። ጽሑፉን ካነበቡ በኋላ ግን «አስተካክለህ ለመጽሔታችን ስጥ» ስላሉኝ እነሆ አቅርቤዋለሁ።

ውድ አንባብያን ሆይ፥ ነገሩ እንዲህ ነው። በጅቡቲ ከተማ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ እጅግ የሚያስጨንቅ ነው። የሙቀቱ ልክ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፤ ከምድረ በዳው የሚነሣውም ነፋስ እንደ ምድጃ ወላፈን ፊት ይለበልባል ይባላል። በዚህ ላይ የባሕሩ እርጥበት አለ። አየሩ በእርጥበት ሲሞላ ከሰውነት የወጣው ላብ ቶሎ አይደርቅም፤ ላብ ካልደረቀ ደግሞ ሰውነት አይቀዘቅዝም። ስለዚህ የጅቡቲ ሰዎች ትምህርት ቤታቸው ሲዘጋ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ እኛ ወደ ድሬዳዋ፥ አንዳንዶቹም አልፈው ወደ ሐረርና ወደ ሐረማያ ይወጣሉ። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ከመኪና ወርዶ «ምን ዓይነት ሙቀት ነው!» እያለ ፊቱን በመሐረብ ሲጠርግ፥ ከጅቡቲ የመጣው ከጎኑ ቆሞ «አልሐምዱሊላህ፥ እንዴት ያለ ቀዝቃዛ አየር ነው!» ሲል መስማት ለእኛ ለመጋላ ልጆች የተለመደ ነው። ሁለቱም ውሸት አልተናገሩም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። አየር በያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከፍታ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፥ የባሕር ዳሩ ሰው እኛ ዘንድ ሲደርስ ሰባት ወይም ስምንት ዲግሪ የሚያህል ሸክም ከትከሻው ይወርድለታል። አዲስ አበባ ደግሞ ከእኛ በእጥፍ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናትና፥ ከዚያ የሚመጣው ሰው በተቃራኒው ያንኑ ሸክም ይሸከማል።

በእኛም ቤት አንዲት ክፍል አለች። አያቴ ይህችን ክፍል በየክረምቱ ለአንድ የጅቡቲ ቤተሰብ ያከራያሉ፤ የእኔ የደብተርና የዩኒፎርም ገንዘብ የሚወጣውም ከዚያች ክፍል ነው። (በጽሑፍ ስለሆነ አያቴን አንቱ ብያቸዋለሁ እንጂ፥ በቤት ውስጥስ እንደማንኛውም የድሬ ልጅ አንቺ ነው የምላቸው። ሌላ አገር ያሉ ሰዎች ይህን እንደ ነውር ይቆጥሩብናል። እኛ ግን የመቀራረብ ምልክት ነው እንላለን።) ከእንግዶቹ ጋር የመጣ የእኔ እኩያ የሆነ ልጅ ባለፈው ክረምት «የከተማችሁን ታሪክ ንገረኝ፤ የሚታየውንም አሳየኝ» ቢለኝ፥ ተወልጄ ያደግሁባትን ከተማ አጥርቼ እንደማላውቃት ያን ጊዜ ተገነዘብሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚያ ወዲህ ጠይቄና አንብቤ ያገኘሁትን ነው።

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ የባቡር ሐዲድ የማሠራት ፈቃድ ሰጡት። የሐዲዱ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። በመጀመሪያ የታሰበው ባቡሩ እስከ ሐረር እንዲደርስ ነበር። ይሁን እንጂ ሐረር ያለችው በተራራው ላይ፥ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ነው። ባቡር እንደ በቅሎ አይደለም፤ ቀጥ ያለ ዳገት ሲያጋጥመው የብረት ጎማው በብረቱ ሐዲድ ላይ ይንሸራተታል፤ ተራራውን እየተጠማዘዘ እንዲወጣ ለማድረግም ብዙ ድልድይና ብዙ ዋሻ ያስፈልጋል። ኩባንያው ለዚህ የሚሆን ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ በሜዳው ላይ ቆመና በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. የመጀመሪያው ባቡር ከዚህ ደረሰ። ቦታውንም «አዲስ ሐረር» አሉት። ስሙ ግን አልያዘም፤ የአገሬው ሰው የሚጠራበት ስም አሸነፈ። ስለ ስሙ ትርጉም ሁሉም የየራሱን ያወራል። አንዱ የመድኃኒት ሜዳ ማለት ነው ሲል፥ ሌላው የዲር ጎሣ አባት ጦሩን የወጋበት ስፍራ ማለት ነው ይላል። ሽማግሌዎች በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ያልፋል። እኔ ለመፍረድ አልደፍርም።

ኩባንያው ከዚህ በኋላ ከሰረና የሐዲዱ ሥራ ለጥቂት ዓመታት ቆመ። ለኩባንያው ውርደት የሆነው ይህ ነገር ለድሬዳዋ ዕድል ሆነ። ዕቃው ሁሉ እዚህ ይራገፋል፤ ከዚህም በግመልና በበቅሎ ወደ ሐረርና ወደ መሐል አገር ይጫናል። የሐረር ቡናና ቆዳም ከተራራው ወርዶ እዚሁ በባቡር ይሳፈራል። ጫኝ፥ አውራጅ፥ ደላላ፥ ገንዘብ መንዛሪ፥ ምግብ ሻጭ ሁሉ ተሰበሰበ። ግሪኩ፥ አርመኑ፥ ሕንዱ፥ የመኑ ሱቅ ከፈተ። ሐዲዱ እንደገና ተቀጥሎ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን፥ ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ ያለው 310 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ግን ድሬዳዋ ያለ ጥርጥር ከተማ ሆና ነበር።

ከተማችን ሁለት ናት ቢባል ሐሰት አይደለም። በመካከሏ ደቻቱ የሚባለው ወንዝ ያልፋል። በአንዱ ወገን ያለው ከዚራ ነው። ከዚራን የባቡሩ ኩባንያ ሰዎች በማስመሪያ ነድፈው የሠሩት ስለሆነ፥ መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ፥ ግራና ቀኙ በዛፍ የተከለለ ነው። በበጋው መጨረሻ ቀይ አበባ የሚለብሰውን ዛፍ በሌላው አገር ጭምር «የድሬዳዋ ዛፍ» ይሉታል። የዛፉ ትክክለኛ አገር ግን ማዳጋስካር እንደሆነ ሳነብ ትንሽ ቅር አለኝ። በሌላው ወገን ያለው መጋላ ነው። መጋላ ማለት በሶማልኛም በኦሮምኛም ከተማ ማለት ነውና፥ ስሙ ብቻ የትኛው ሰፈር ለሕዝቡ ከተማ እንደነበረ ይመሰክራል። በመጋላ ማስመሪያ አልገባም። መንገዱ ቤቱን እየዞረ ይሄዳል እንጂ ቤቱ ለመንገዱ አይለቅም። ግድግዳው በነጭ፥ በሰማያዊና በአረንጓዴ ኖራ የተቀባ ነው፤ በሩ በቀኑ ሙቀት ጊዜ ይዘጋና ወደ ማታ ይከፈታል። የጅቡቲው ጓደኛዬ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ ጠፍቶብኛል።

እንግዳ ከሁሉ አስቀድሞ ማየት የሚገባው ቀፊራን ነው። ቀፊራ እንደ ዐረብ አገር ግንብ ቅስት ቅስት ያለ መግቢያ ያለው ገበያ ነው። በጠዋት የኦሮሞ ሴቶች ከደጋው ማንጎ፥ ጊሽጣና ዘይቱን ይዘው ይወርዳሉ (ድሬ ዘይቱን የምትለው መሐል አገር ዘይቶና የሚሉትን ፍሬ ነው)፤ የሶማሌና የአፋር ሰዎች ወተት፥ ቅቤና እንስሳ ይዘው ከቆላው ይመጣሉ። አንድ ሻጭ ከአንድ ገዢ ጋር በኦሮምኛ ጀምሮ፥ ዋጋውን በሶማልኛ ተከራክሮ፥ በአማርኛ ሲመርቀው መስማት ትችላላችሁ። ከዚያ ወደ አሸዋ ገበያና ወደ ታይዋን ይኬዳል። ታይዋን የተባለው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ጨርቅና የኤሌክትሪክ ዕቃ ስለሚሸጥበት ነው። ዕቃው በምን መንገድ እንደገባ መጠየቅ እንደ ጨዋነት አይቆጠርም ነበር። አያቴ በአሮጌው ባቡር ዘመን ከጅቡቲ የተነሡ ሴቶች ሦስት አራት ቀሚስ ደራርበው ለብሰው እንዴት ወፍረው እንደሚደርሱ፥ ከጣቢያው በወጡ በግማሽ ሰዓት ውስጥም እንዴት እንደሚከሱ ሲተርኩ ሁላችንም እንስቃለን። ማታ ማታ የሳምቡሳና የሙሸበክ ጠረን ከየማዕዘኑ ሲነሣ፥ ሰው ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ በደጁ ላይ ይቀመጣል። የድሬዳዋ እውነተኛ መዝናኛ ይህ ይመስለኛል፤ የመግቢያ ዋጋ የለውም።

ታሪክ ለሚወድ ሰው ደግሞ ከከተማው አቅራቢያ በተራራው ላይ አንድ ዋሻ አለ። ፈረንጆች በቋንቋቸው የጃርት ዋሻ ብለው ሰይመውታል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1929 ዓ.ም. ቴያር ደ ሻርደን የተባለው ፈረንሳዊ ቄስና የምድር ጥናት ሊቅ ከነጋዴውና ከደራሲው ከሄንሪ ደ ሞንፍሬይ ጋር ሆኖ አገኘው፤ ከአራት ዓመት በኋላም አቤ ብሩይና ባልደረቦቹ ሲቆፍሩት ከጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያ ጋር የሰው መንጋጋ ቁራጭ ወጣ። ባቡር ሳይመጣ፥ አዲስ ሐረርም ድሬዳዋም ሳይባል፥ ሰው በዚህ አየር ይናፈስ ነበር ማለት ነው። ራቅ ብሎ በለገ ኦዳ ደግሞ በዓለት ላይ የተሣሉ የከብትና የሰው ሥዕሎች ይገኛሉ።

ስለ ጦርነቱ ዘመን በአጭሩ ልለፍ። ድሬዳዋ የባቡር ከተማ በመሆኗ ለጦር ሠራዊት ሁሉ ዓይን ማረፊያ ነበረች። በግንቦት 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር የመጣውና ከደቡብ የወጣው የኢጣልያ ጦር የተገናኙት እዚህ ነው። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ጠላት ከዚሁ ተባረረ። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማልያ ጦር እስከ ከተማዋ ዳር ደርሶ ተመልሷል። ኢጣልያኖች ትተውልን ከሄዱት የሲሚንቶ ፋብሪካው ይገኛል። የፋብሪካው መተከል በአጋጣሚ አይደለም፤ ዙሪያችን ያለው ተራራ የኖራ ድንጋይ ነው። ያው ኖራ በከርሰ ምድር ውኃችን ውስጥ ስለሚሟሟ፥ በድሬዳዋ የሻይ ጀበና በስድስት ወር ውስጥ በውስጡ ነጭ ቅርፊት ያበጃል። የጅቡቲዋ እናት አያቴን «ይህ ምንድን ነው?» ቢሏት «ሲሚንቶ ነው» አሏቸው።

አሁን ወደ ደቻቱ ልመለስ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ በእውነት ያስገደደኝ እርሱ ነውና።

ደቻቱ ወንዝ ይባል እንጂ በአብዛኛው የዓመቱ ቀን ውኃ የለበትም። ሰፊ፥ ነጭ፥ ለስላሳ አሸዋ ብቻ ነው። ጓደኛዬ መጀመሪያ ድልድዩ ላይ ቆሞ ሲያየው «የባሕር ዳር አላችሁ እኮ! ባሕሩን ብቻ ማን ወሰደው?» አለ። በእርግጥም አሸዋው ላይ ኳስ እንጫወታለን፤ ግመልና ፍየል ያርፍበታል፤ አሸዋ ጫኞች ለግንብ ሥራ እየዛቁ ይወስዳሉ። ውኃው አለመኖሩ ግን ለዓይን ብቻ ነው። ከአሸዋው ሥር ተደብቆ ይሄዳል፤ ከተማችን የምትጠጣውም እንዲህ በምድር ውስጥ የተሰበሰበውን ከሳቢያን ጉድጓዶች እየተሳበ የሚመጣውን ውኃ ነው።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እርሱና እኔ ከሌሎች ልጆች ጋር በአሸዋው ላይ ኳስ ስንጫወት፥ በደንገጎ በኩል ያለው ተራራ ጠቆረ። በእኛ ላይ ግን ፀሐይ ነበር። ጓደኛዬ ወደ ተራራው እያመለከተ «ዝናብ ነው?» ቢለኝ፥ እንደ ትልቅ ዐዋቂ ሆኜ «አቦ ተወው፥ ሩቅ ነው» አልሁት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ አሸዋ ጫኝ አካፋውን ጥሎ ወደ እኛ እየሮጠ «ውጡ! ውጡ!» እያለ ጮኸ። እኔ አሁንም ኳሱን ለመያዝ ዞርሁ። ሰውዬው ክንዴን ጨምድዶ ወደ ዳር ጎተተኝ፤ ጓደኛዬ ቀድሞኝ ወጥቶ ነበር። ዳሩ ላይ ሆነን ስንመለከት ከላይ በኩል ቡናማ ነገር እንደ ምንጣፍ እየተጠቀለለ መጣ። ፊቱ ላይ እንጨት፥ ቅጠልና ላስቲክ ይገፋል። በመጀመሪያ ቁርጭምጭሚት አይሞላም ነበር፤ ኳሳችንን ይዟት ሲሄድ ግን ከጉልበት አልፎ ነበር። ጓደኛዬ «ይሄ ባሕር አይደለም» ብቻ ብሎ ዝም አለ።

ቤት ገብተን ስንናገር አያቴ አልተቆጡም፤ አልመቱኝምም። በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው ብዙ ጊዜ ዝም አሉና፥ ከዚያ በፊት ጠይቄያቸው የማይመልሱልኝን የ1998 ዓ.ም.ን ሌሊት ነገሩን። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ነበር። ሰው ሁሉ ተኝቷል። አያቴ ድምፁን ሲሰሙ ባቡር መጣ መስሏቸው ነበር፤ ቀጥሎ ግን ባቡር በዚህ ሰዓት እንደማይገባ፥ ድምፁም ከጣቢያው ሳይሆን ከወንዙ በኩል እንደሚመጣ ዐሰቡ። እናቴን፥ ያን ጊዜ ገና ልጃገረድ የነበረችውን፥ በእጃቸው ይዘው በጨለማው ወደ ጎረቤት ግንብ ሰገነት ወጡ። ሲነጋ ከወንዙ ዳር የነበሩ ቤቶች አልነበሩም። በዚያች ሌሊት በከተማችን ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሞተ፤ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብም ቤት አልባ ሆነ። አያቴ ቡና የሚጣጧቸው ሦስት ጎረቤቶች ነበሩ። አንዷ ብቻ ተረፈች።

ነገሩ እንዴት ይሆናል ላላችሁ፥ ምክንያቱ አስቸጋሪ አይደለም። የደቻቱ ምንጭ በደጋው ላይ ነው፤ ከደጋው እስከ እኛ ያለው ቁልቁለት አጭርና ቀጥ ያለ ነው። ተራራው ዛፉ ተመንጥሮ ስለተራቆተ ዝናቡን ይዞ የሚያዘገየው ነገር የለም። በደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ከየሸለቆው ተሰብስቦ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከተማ ይደርሳል። በከተማው ሰማይ ላይ ኮከብ እየታየ ጎርፍ ሊመጣ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ቀና ብሎ የሚያየው የራሱን ሰማይ ብቻ ነውና። ከ1998ቱ ጎርፍ ወዲህ በወንዙ ግራና ቀኝ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ከተጎዱት ብዙዎቹም በሌላ ስፍራ ቤት ተሰጥቷቸዋል። አጎቴ አያቴን «ይህን ቤት ሸጠን ወደ ሳቢያን እንሂድ» ሲሉ ይኸው ስንት ዓመታቸው። አያቴ እምቢ ይላሉ። እኔ እስካለፈው ነሐሴ ድረስ የአያቴ ወገን ነበርሁ፤ አሁን ግን ክንዴን ጨምድዶ የያዘኝ ያ ሰው ትዝ ባለኝ ቁጥር ከማን ወገን እንደሆንሁ አላውቅም። ቤቱ ከተሸጠ ክፍሊቱም የለች፤ እንግዶቹም የሉም።

ባቡሩንም ሳልጠቅስ አልቀርም። ከአዲስ አበባ ይመጣ የነበረው አሮጌው ባቡር ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ቀርቷል። እኔ ስወለድ የባቡር ከተማ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ባቡር አልነበራትም ማለት ነው። አሮጌው ጣቢያ በከዚራ ጫፍ አሁንም ቆሟል፤ ጋራዡ ውስጥ የተኙትን አሮጌ ባቡሮች ለማየት የሚመጣ እንግዳም አለ። ሽንሌ፥ አዲጋላ፥ አይሻ፥ ደወሌ እያሉ የጣቢያዎቹን ስም እንደ ጸሎት በቅደም ተከተል የሚጠሩ ጡረተኞችም ሻይ ቤት አይጠፉም። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ፥ የፊሽካው ድምፅ መጋላ አይሰማም። ሀገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ዳርቻ ስለሌላት ግን፥ ወደ ባሕር የሚወስደን ዋናው በር ዛሬም ይኸው የጅቡቲ መሥመር ነው። በ2014 ዓ.ም. ነጻ የንግድ ቀጠና ድሬዳዋ ላይ የተከፈተውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጓደኛዬ በመጨረሻው ቀን የያዘው ጊሽጣ፥ ማንጎና አያቴ የሰጡት አንድ ከረጢት የሐረር ቡና ነበር። «አንተም ና፥ ባሕሩን አሳይሃለሁ» አለኝ። «በሐምሌ ነው?» ብለው «ሞኝ ነህ? በጥር ነው እንጂ!» አለ። በጥር ደግሞ እኛ ትምህርት ላይ ነን።

ከጥቂት ሳምንት በፊት አባቱ ደውለው ዘንድሮም በሰኔ መጨረሻ እንደሚመጡ ነግረውናል። አጎቴ ስለ ቤቱ የጀመሩት ወሬ አሁንም አላለቀም። አያቴ ግን ትናንት ሁለት ጣሳ ሰማያዊ ቀለም ከቀፊራ ገዝተው ገብተዋል፤ ቅዳሜ ክፍሊቱን የምቀባው እኔ ነኝ።